ስምንት ጣት

ጀልባ በያጅ ነኝ፣ ኬኬን ወደብ ዳር፣
ዕድሜዬ ያለቀ ከዛገ ብረት ጋር።
የአጥማጆች ሕግ ናት፦ ክብደት ወደ ታች፣
ከፍ አርጎ የጫነ ማዕበል አይጠብቅም፣
በገዛ ጭነቱ ነው የሚገለበጥ።
ይህን እያወቅሁኝ፣
ለሰው ልጅ በሙሉ ስመክር እየኖርሁ፣
ለገዛ ልጄ ግን ከፍ አርጌ ሠራሁ።

ባለ አራት ጎማዋን፣ የማይሌንን ሞተር፣
ጎረቤቴ ኡባልዶ አይቶ እንዲቀና
እንደ ፈረስ ደረት ፊቱን አርጌ ቀና፣
ሞላውን ጨምቄ፣
አሞርዛተሩንም እስከ ጥግ አጥብቄ፣
"አሁን ገና አማረ!" ብዬ ሰጠኋት ስቄ።

ሦስተኛው ዙር ላይ፣ ከሣሩ ኩርባ ጋ፣
አሸዋ ሊነክስ የሚገባው ጎማ
እንደ ድንጋይ ነጠረ፤
የውስጥ ጎኑ ተነሣ፣
ሁለት እግሩ ሰማይ።
ብረት ሲሰነጠቅ ከሩቅ የሚለይ ጆሮ አለኝ ይሉኛል፤
የትከሻዋንም አጥንት በዚያው ጆሮ ሰማሁት።

"ነዳጅ አበዛሁኝ" አለች ከአልጋው ላይ፣
"ጥፋቱ የኔ ነው፣ ኩርባው ላይ ቸኮልሁኝ።"
እኔም ዝም አልሁኝ።
በውርጩም ዝም አልሁ፣ በአበባውም ዝም፣
በግራ እጇ ሾርባ ስትጠጣ እያየሁ፣
ማንኪያው ሲንቀጠቀጥ ጨው አቀብላለሁ።

ጥር ሲገባ፣ ሌሊት፣ ጋራዡን ዘግቼ
አሮጌውን አክስል ጎትቼ አወጣሁ።
ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤
ስለዚህ አልሮጥሁም።
በያጅ ነኝ እያልሁም ይህን አልበየድሁም፣
የሁለት ጀልባ ዋጋ ከፍዬ ገዛሁት፦
በየጎኑ አራት፣
በድምሩ ስምንት ጣት የሚሰፋ አክስል።
የፊት ክንዶቹንም በዚያው ልክ አስረዘምሁ፣
ወገቡን አወረድሁ፣ ሞላውን አላላሁ፤
እንደ ዳክዬ እግር አሸዋ ላይ ይተኛ ብዬ
ከጎማው ነፋስ ቀነስሁ።
በክር እየለካሁ የፊት ጎማዎቹን
ሐሜት እንደያዙ ሁለት አሮጊቶች
አፍንጫቸውን ጥቂት አቀራረብኋቸው።
ለመሪው ማለዘቢያ፤ ድንጋይ ሲመታው እንዳይደነብር።

ጽናት ማለት ለኔ ድርቅና ነበረ።
ደረቅ ነገር ይዘላል።
ይህን ለመማር ስንት ዓመት ብረት አጎበጥሁ!

ትናንት ማለዳ፣ ባሕሩ ሲሸሽ፣
እርጥቡ አሸዋ ላይ ማይሌን ወጣች።
ኩርባው ጋ ስትደርስ ዐይኔን ልጨፍን አልሁ፣
አልቻልሁም፣ አየሁ፦
ዳሌዋን ወደ ውስጥ ጣል አርጋ ዘነበለች፣
ሞተሩም ተኛላት፣
አራቱም ጎማዎች መሬት ነክሰው ዞሩ፤
የተነሣው ነገር አሸዋ ብቻ ነው።

ሜትሮዬን ዘርግቼ ዱካዋን ለካሁት፤
ምን እንደምፈልግ ግን እኔም አላወቅሁት።
ተመልሳ ቆመች። የራስ ቁሯን ስታወልቅ
ጉሮሮዬን ጠረግሁ፦
"አምና... ያ ሞላ..."

አላስጨረሰችኝም።
"አውቃለሁ፣ አባ። ከሆስፒታል በወጣሁ ማግስት
የማጥበቂያውን ጥርስ አንድ በአንድ ቆጠርሁት።
እስከ መጨረሻው ነበር።"

ዓመት ሙሉ ቆጥራ፣ ዓመት ሙሉ ዝም!
ያን ሁሉ ሾርባ፣ ያን ሁሉ ጨው...

ከኪሴ ቁልፉን አውጥታ
እጄ ላይ አኖረችው።
"ከኋላ በኩል ገና ይነጥራል፣
ሁለት ጥርስ አላላልኝ" አለች።
ባሕሩ እየተመለሰ፣
ጫማዬን እያራሰ፣
ጎንበስ አልሁ።