ብርድ ልብሱን አሳዪኝ

ውዳሴ ከአቴና ሦስት ፎቶ ላከች፤
«የጥቅምት ዕረፍቴን ከእኔ ጋር ናችሁ፥ ቤት ምረጡ» አለች።
«ያኔ ሰው ይሳሳል፥ ኪራይም ይረክሳል፤
ባሕሩ የሐምሌን ሙቀት ይዞ ይቆያል።»

«የሐምሌ ሙቀት!» አሰገደች ሳቀች፤
ጋቢዋን ጎትታ እስካገጯ ሳበች።
በእኛ በጠባሴ
ሐምሌ ማለት ጭቃ፥ ጉምና የጥርስ ኳኳታ፤
ጥቅምት ደግሞ ገብቶ ውርጩ ሲመጣ ማታ
የጓሮውን ጎመን ብርጭቆ አድርጎት ያድራል፤
«በጥቅምት አንድ አጥንት» ያለ ሰው ይህን ያውቃል።

የደሴቲቱን ስም አሥሬ ነገረችን፥
ምላሳችን ላይ አልረጋ አለን፤
«ደሴቷ» ብለን ተውነው።

አንዱ ቤት ከወደቡ አፍ፥ መስኮቱ ሰማያዊ፥
ጀልባ ከደጃፉ እንደ በቅሎ ታስሮ፤
ሁለተኛው ከተራራው ራስ፥ መቶ አርባ ደረጃ፥
ነጭ ግንብ፥ አንዲት በለስ በነፋስ ጎብጣ፤
ሦስተኛው ከመሐል፥ ባሕሩ ከማይታይበት፥
ፍየል ያላት ባልቴት የምታከራየው ቤት።

እኔ ሾፌር ነበርኩ፤ ሃያ ሁለት ዓመት
በኤንትሬ፥ ከዚህ እስከ አሰብ።
አገር የምለካው በማርሽ ነው።
«ቀላል ነው» አልኳት፤ «የወደቡን ሸዋ ሮቢት በይው፥
ላብ፥ ትንኝ፥ እንቅልፍ የማያውቅ ሰው።
የተራራው ጣርማበር ነው፤ ጉልበትሽ አይችለውም።
የመሐሉ ደብረ ሲና ነው፤ አይበርድም፥ አይሞቅም፤
የጎደለው ቆሎ ብቻ።»

«ታዲያ ደብረ ሲና ለማደር
አውሮፕላን ምን ያደርጋል?» አለች።

ከዚያ ስልኩን ከእጄ ወሰደች።
ሠላሳ አንድ ዓመት ብርድ ልብስ ፋብሪካ ቆማለች፤
ግራ ጆሮዋን ለሽመናው ማሽን ትታ ወጥታለች።
«ቤቱን አየሁት፥ ልጄ። ብርድ ልብሱን አሳዪኝ።»
በሁለት ጣቷ አልጋውን ከፎቶው ውስጥ ስባ
አፍንጫዋ ስር አደረገችው፤
«ይሄ ሱፍ አይደለም፤ ባንድ እጥበት ይላላል።
የተራራው ይሻላል፤ ድሩ ጠበቅ ብሏል።
የባልቴቲቱ... ባንሶላ ብቻ ነው እንዴ ሰው የሚያድር?»

ውዳሴ ከወዲያ ሳቀች፤ «እማ፥ እንግዲያ የተራራውን?»

«የወደቡን ያዢልን።
ብርድ ልብስ እኔ ይዤ እመጣለሁ።»

ዝም አልኩ።
ሮቢት ብዬ ያማሁት ለሙቀቱ አልነበረም።
አሰብ ላይ፥ ባንድ ቀትር፥ ጨው ጭነን ስናበቃ
ረዳቴ ዳምጤ «ላቤን ላጥበው» ብሎ ገባ፤
ሸሚዙ ከመኪናው መስታወት ላይ ተሰቅሎ
ደረቀ።
እኔ ሸሚዙን ለእናቱ ሞላሌ አደረስኩ፤
ለአሰገደች ግን «ታሞ ቀረ» አልኳት።
ያኔም አላመነችኝም መሰለኝ።

«ሃያ ሁለት ዓመት» አለች ስልኩን አስቀምጣ፥
«ከባሕር በመጣህ ቁጥር፥ ከሱሪህ፥ ከአንገትጌህ
ጨው አጥቤአለሁ።
እጄ ሲሰነጠቅ ፋብሪካው ነው እያልኩ።
ጨውየውን ያውቀዋለሁ፤ ባሕሩን አላየሁትም።
አንተ ጀርባህን ሰጥተህ ተኛ፤
መስኮቱ የኔ ነው።»

ከሣጥኑ አወጣችው፤
ጡረታ ስትወጣ የሰጧትን፥ ቡናማውን፥
እስከዛሬ ለእንግዳ እንኳ ያልዘረጋነውን።
ከጎረቤት ሚዛን ተዋስን፤ አራት ኪሎ ተኩል።
«ሻንጣው አይችልም» አልኩ።
«ጫማህን ትተወዋለህ» አለች።

ማታ፥ እሷ ጓዳ ስትገባ፥ ደወልኩ።
«ውዳሴ፥ ያ መስኮት ከውስጥ ይዘጋል?»
«ይዘጋል፥ አባ።»
ትንሽ ቆየችና፥
«ድምፁ ግን ይገባል» አለች።

አሰገደች ከጓዳው ደህናውን ጆሮዋን አዘንብላ፥
«ምን አለችህ?»

«ይዘጋል አለች።»