አጀንዳ አንድ፦ ባዶው ቦታ

ቅዳሜ፣ ዘጠኝ ሰዓት ይላል ጥሪው፤ ተጀመረ ዐሥር ሊሞላ።
ከሰንጋተራ ጀርባ፣ በእድሩ አዳራሽ፣ ድስቱ ከተከመረበት ኋላ
ወንበር ደርድረን ተቀመጥን።
ቃለ ጉባኤ ያዥዋ እኔ ነኝ፤ "ጽሕፈትሽ ይነበባል" ብለው
መዝገቡን ያሸከሙኝ፣ ከሟች ጸሐፊ ቤት አስመጥተው።

ኢንጂነር ሳምራዊት ከክፍለ ከተማ መጥታ ካርታ ሰቀለች ግድግዳ ላይ፣
ፕላስተሩ እየከዳት፣ ጥጉ እየተጠቀለለ ወደ ላይ።
መሐሉ ነጭ ነው። "ያልለማ መሬት" ይላል በትንሽ ፊደል፤
እኛ የምናውቀው ዘጠኝ ዓመት ከቆርቆሮ ጀርባ ግራዋ ሲበቅል፣
ጎሕ ሲቀድ ከውስጡ ዶሮ ሲጮኽ
የማን ዶሮ እንደሆነ ሳይታወቅ።

"ራዕያችሁን ንገሩን" አለች፤ "ከሃያ ዓመት በኋላ
ይህ ቦታ ምን ሆኖ ይታያችኋል?" ቢጫ ቁራጭ ወረቀት ለሁሉም አድላ።
ለእኔ አልደረሰኝም። ጸሐፊ ራዕይ አይጠየቅም።

እትዬ ኤርጎጌ አማተቡ፦ "ራዕይማ የዮሐንስ ነው፤
የጨመረበት ይጨመርበታል ይላል፤ እኔ ምኑን ልጨምረው?"
ሳቁ ሲበርድ ወረቀቷን አገላብጠው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦
"ድንኳን መትከያ ይሁነን። ጋሽ ሽመክት ያረፉ ለት
አስፋልት ዳር ለቅሶ ተቀምጠን፣ ከኋላ የተሰለፉት
መኪኖች ጡሩምባ ሲነፉ፣
እኔ ሞኟ ለእሳቸው መስሎኝ
እድርተኛ በዛላቸው ብዬ ደስ አለኝ።"
ጻፍሁ፦ ድንኳን።

ባለጎማው ሙዘይን "ፓርኪንግ" አለ፤ ባንቺአምላክ "የሕፃናት መዋያ"፤
አንዱ ከበሩ፦ "ሕንፃ ይነሣ፣ ምድሩ ሱቅ፣ ላዩ ለእኛ መኖሪያ።"
"ለእኛ ስትል ለማን?" ተባለ። ማራገቢያው ብቻ ዞረ።
ጎማ ያጠቆረው የሙዘይን ጣት ወደ ካርታው ተቀሰረ፦
"ይሄ የግድግዳ ካርታ ነው የይዞታ? እኔ የማውቀው ካርታ ሌላ፤
እጁ ላይ የያዘው ይጫወታል፣ የሌለው ያጨበጭባል ከኋላ።"
በቃለ ጉባኤው፦ "ተሳታፊው ሐሳብ ሰጥተዋል።"

ጋሽ ወንድይፍራው፣ ዓይናቸውን ሞራ የጋረደው፣ በከዘራ ቀረቡ፤
ወረቀቱን እንደ ጨርቅ በጣታቸው እያሹ፣ ጥቂት አሰቡ።
"ቦኖው የት ጋ ነው?"
"ካርታው ላይ የለም፣ አባቴ።"
"እንዲያ ከሆነ ሌላ ሰፈር ነው" አሉና እጃቸውን ሰበሰቡ።

ትንሿ ሐያት ከእናቷ እግር ሥር የሣለችውን አመጣች፦
ቆርቆሮ፣ ቆርቆሮው ላይ ክብ ቀዳዳ።
"ምንድን ነው?"
"በር" አለች።

ፊርማ ሲዞር መሸ። ከቅጹ ግርጌ "ያልተገኙ" የሚል መስመር አለ፤
እጄ ሳላዘው ጻፈ፦ የእነ ዘርጋው ቤት፣ የእነ ሽፋ፣ ባለ ሁለት በሩ ቤት፣
ትርንጎ ከነልጆቿ፣ ልብስ ሰፊው፣ አሮጌው ወፍጮ ቤት…
ኢንጂነሯ ጎንበስ አለች። ክፋት የላትም፤ ደክሟታል።
"እነዚህ እኮ ነዋሪ አይደሉም፤ ቅጹ አይቀበልም፣ ይሠረዙ።"
ሠረዝሁ። አንድ ቀጭን መስመር።
ጽሕፈቴ ግን፣ ቢሠረዝም፣ ይነበባል።

የአዳራሹ ቁልፍ ሲዞር አንዲት ሴት ወደ እኛ እየሮጠች፤
ትርንጎ ነበረች።
ከኮዬ ፈጬ፣ በሁለት ታክሲና በአንድ ባስ፣ የዚያ አገር ጭቃ ጫማዋ ላይ ደርቆ።
"አለቀ?" አለችኝ፣ ትንፋሿ ጉሮሮዋ ላይ ታንቆ።
"ምን አልን?"

ምን አላችሁ አላለችም።

ከምሰሶው መብራት ሥር መዝገቡን ገለጥሁ። ካፊያ ጀምሮ ነበር።
ነጠላዋን በላዩ ዘርግታ "አንብቢልኝ" አለች።
ከቦኖው ጀመርሁ።