ጠብታ ቆጠራ

ሦስት ዓመት ሆነኝ ሌሊት እየነቃሁ፣
«ፉሮሴማይድ፣ አርባ» ብዬ እያዘዝሁ፤
እጄ ለምዶት እንጂ ምኑን አውቀዋለሁ።

በቪጎ ሆስፒታል፣ አራተኛው ፎቅ ላይ፣
የሴኞር ኡርባኖ እግር እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ፣
በጣቴ የተጫንሁት ጉድጓዱ ሳይሞላ፣
«ልጄ፣ ይሄ መድኃኒት ምንድነው ሥራው?» አለኝ።
«ውሃ ያወጣል» አልሁ።
«እንዴት?» ሲል ስልኬ ጠርቶ ገላገለኝ።

ተምሬው ነበረ። በመጀመሪያው ዓመት፣
ቀስትና ክብ ሞልቶት የሰሌዳው ፊት፣
ለፈተና ብዬ የሸመደድሁት፣
እንደ ብድር ገንዘብ መልሼ ረሳሁት።

በሰኔ ሰባታችንን ከዋርድ ነጥቀው
ከባሕሩ አፍ ካለች ቤተ ሙከራ ወሰዱን።
ሹርሾ የሚባል፣ የዓሣ ሽታ የማይለቀው
ሽማግሌ ቴክኒሻን ጓንት አደለን።
«ዛሬ ስክሪን የለም።»

ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ሻርክ ተጋድማለች።
ከአንጀቷ ጫፍ ግድም ጣት የምታህል ቀይ ዕጢ አለች፤
የባሕሩን ትርፍ ጨው ከደሟ መልሳ
በእሷ ነው የምትተፋው፣ ሳትማር፣ ሳትረሳ።

ብራይስ መርፌው ተንቀጠቀጠበት።
እኔ ክሩን ሁለቴ በጠስሁት፣
በሦስተኛው ያዘ።
ፈሳሹን ለቀቅነው። ጫፏ ላይ አንድ ጠብታ
አበጠ፣
አመነታ፣
ወረደ።

ሃያ ሁለት በደቂቃ። ኢሪያ ጮክ ብላ ቆጠረች።
ያንኑ የሌሊት መድኃኒቴን ጨመርሁ።
አሥራ አንድ።
አምስት።
ከዚያ አንዷ ተንጠልጥላ ቀረች።

«ቆይ! ይሄ እኮ ውሃ የሚያወጣ ነው፤ ለምን እዚህ አስቀረ?»
ሹርሾ ሳቀ።
«በሩ ያው አንድ በር ነው፣ ዘጋሽው።
ዓሣዋ ጨው ልታወጣ ስትል ተዘጋባት፤ ቀረ።
የበሽተኛሽ ኩላሊት ጨው ሊመልስ ሲል ተዘጋበት፤ ፈሰሰ።
ውሃማ ምን አለው? የጨው ጭራ ነው፤
ጌታው በሄደበት ይከተላል።»

ከንፈሬን ላስሁ። ነፋሱ ከባሕር ነበር የሚመጣው።
ድንጋይ ነው ብዬ የወረወርሁት ጨው
ያን ቀን ጣፈጠኝ።

ሰኞ ከሴኞር ኡርባኖ አልጋ ጫፍ ተቀመጥሁ፤
በሩን፣ ጨዉን፣ ጭራውን፣ ዕጢዋን ተረክሁ።
ለካ ሠላሳ ዓመት ዓሣ አጥማጅ ኖሯል፤
ጠይቄው አላውቅም።
«ያቺ ቀይዋ? ጣት የምታህለው?
ለድመት ነበር እኮ የምንጥላት!»
ብሎ ብርድ ልብሱን ገፈፈና
እግሩን እንደ አዲስ አየው።