ቤት ሲመታ

ቤት መምታት ለግጥም ማዕረጉ ነው አሉ፣
እኔን ስድስት ቤቶች ሲመቱኝ የት ዋሉ?
ጀሞን፣ ገላንን አልፌ፣ ፍራሽ ተሸክሜ፣
ሰባተኛው ደጃፍ፣ ኮዬ ፈጬ ቆሜ፣
ደላላው ሽመክት ቁልፍ እያቅጨለጨለ
«ውሃው አይጠፋም፣ አከራይዋም መልአክ ናት» አለ።

ድሮ ቢሆን ኖሮ ቀለሙን ነበር የማይ፣
ሴራሚኩን፣ መስኮቱን፣ የበረንዳውን ሰማይ።
ዛሬ ግን ዐውቃለሁ፤ ቤት በቀን አይታይም፣
ቀለም የተቀባ ውሸት አይለይም።
ሆን ብዬ በምሽት፣ ሦስት ሰዓት ላይ መጣሁ፣
ቧንቧውን ከፍቼ ነፋስ ብቻ ጠጣሁ።
ከታች እስከ አራተኛ ደጃፍ ደጃፉን ስቆጥር
ሰባ ሁለት ቢጫ ጀሪካን፣ ተሰልፎ እንደ ጦር።
«ጌጥ ነው» አለ ሽመክት።

የሕንፃ አስተዳደር ማለት አምፖል ነው ባጭሩ፤
ደረጃው ከጨለመ ተመለሱ፤ ስለ ዋጋ አትከራከሩ።
እዚህ በወር መቶ ሃምሳ ለኮሚቴ ይዋጣል፣
ሊቀ መንበሩ ደምመላሽ ደረሰኝ ይቆርጣል፣
አምፖሉ ግን ካምና ሁዳዴ ከጾሙ አልወጣም፣
ገንዘቡ የት እንደፈሰከ የሚነግረን አልመጣም።

በሩ ላይ ጋሽ ጉደታ፣ ካፖርት ደርበው፦
«ውሃው ማክሰኞ ሌሊት ነው፣ ለማይተኛ ሰው።»
ስለ አከራይዋ ስጠይቅ ዝም አሉ ለአፍታ፣
«አንድ ቀን አላደረችበትም» አሉኝ በጸጥታ።

አከራይ ዐውቃለሁ እኔ። የገላኑ እንግዳ ይቆጥራል፣
«ሽንት ቤት ሞላ» ባለ ቁጥር ኪራይ ይጨምራል።
የጀሞዋ «ልጄ» እያለች ዓመት ሙሉ አቀማጠለችኝ፣
«ልጄ ከዱባይ መጣች» ብላ በሳምንት አስለቀቀችኝ።
«በመተማመን ነው» የሚል አከራይ ሁሉ
ውል እንጻፍ ስትሉት ይጠፋዋል ቃሉ።
እና ጥያቄዬን በወረቀት ደርድሬ፣
እንደ ዳኛ ቆምኩኝ ጉሮሮዬን ጠርጌ።

በነጋታው መጣች አከራይዋ አስካለ፣
ፌስታል ይዛ፣ ጫማዋ ላይ የሌላ ሰፈር ጭቃ እንዳለ።

(እዚህ ላይ ቤት አይመታልኝም። እንደሆነው ልጻፈው።)

አልተቀመጠችም፤ ወንበርም አልነበረም።
ማብሪያውን ፍለጋ ግድግዳውን በመዳፏ ዳሰሰች፣ ሳተች፣
ደግማ ዳሰሰች።
ዕጣው የወጣ ዕለት፣ ጋዜጣው ላይ ስሟን ስታገኝ፣
ከታክሲ ወርዳ አስፋልት ዳር አለቀሰች።
አሁን በየወሩ ባንኩ ያስለቅሳታል።
እሷ ቱሉ ዲምቱ፣ ሦስት በሦስት የጭቃ ክፍል ተከራይታለች፤
የእሷም አከራይ ሳያንኳኳ ይገባል፣ ምድጃዋን ይቆጥራል።
ኮሚቴው እሷን «ነዋሪ አይደለሽም» ይላታል፣
እኔን «ባለቤት አይደለሽም» ሊለኝ ነው፤
ስለ አምፖሉ እጅ የሚያወጣ የለም።
ወረቀቴን አጠፍኩት።
ላዝንላት ስጀምር፣
«ያው ደላላው እንደነገረሽ ሳይሆን አምስት መቶ ጨምሪበት» አለች።
ቅድሚያ ስድስት ወር ጠየቀች፤ በሦስት ተስማማን።
ልትወጣ ስትል፣ ፌስታሏን ወደ ሌላኛው እጇ አዛውራ፦
«ውሃ… ይመጣል እዚህ?»
ማክሰኞ ሌሊት አልኳት።
«ማክሰኞ ማክሰኞ ብቅ ብዬ ገላዬን ብታጠብ፣
መቶ ብር እቀንስልሻለሁ።»
ፌስታሉ ውስጥ ፎጣ ነበር። ፎጣ ይዛ ነው የመጣችው።

ጨካኝ ናት? ምስኪን ናት? ገና አልበየንኩም እኔ፤
መቶውን መቀበሌም ይቆጠቁጠኛል ባይኔ
ያቺ ፎጣ ስትመጣ።

ማክሰኞ ሌሊት ነው፤ ቧንቧው ሳል ጀምሮታል፣
ደረጃው ጨለማ ነው፤ እግር ዳብሶ ይወጣል፤
ቆመ። የባለቤቷ ጣት የገዛ ቤቷን ይመታል።