ባሕር የማይደርስ ወንዝ

ጠጋ በይ ጦይባ፤ ምክንያት ከጠየቅሽኝ ምክንያት ልደርድር፤
አንቺም እንደ ኬላ ፈታሽ ጭነቴን በርብረሽ፣
ወይ አሳልፊኝ፣ ወይ እዚሁ ልደር።

«ኬንያ አይቀርብም?» ብለሻል፤ መቅረቡንስ ይቀርባል፤
ግን አንድ አንበሳ ሲያንቀላፋ ሃምሳ መኪና ከቦት ይቆማል።
ጅቡቲ በር ላይ፣ ነዳጅ ማደያ ላይ፣ ዕድሜዬን ተሰለፍኩ፤
ደግሞ ለአንበሳ ወረፋ? እሱስ ይቅርብኝ፤ ጠገብኩ።

ደሴ ፒያሳ፣ ከፎቶ ቤቱ በላይ፣ የጉዞ ወኪሏን ጠየቅኋት፤
«ቦትስዋና» ብላ ካርታ ዘረጋችልኝ፤
መነጽሬን ረስቼ በጣቴ ዳሰስኋት።
(ካርታዋን ነው፣ ጦይባ።)

እኛ በነሐሴ፣ ጦሳ ጉም ተከናንቦ፣
ሐረጎን በእኩለ ቀን መብራት አብርተን ስንወርድ፣
እዚያ ሰማዩ ጠርቶ፣ ሣሩ ደርቆ፣
ዝሆኑም ጎሹም ውኃ ፍለጋ ወደ አንድ ኩሬ ሲወርድ፣
ማሳደድ የለም፤ ቁጭ ብሎ ለጠበቀ፣
አገሩ ሁሉ ሊጠጣ ይመጣል፣ የቀረበው ከራቀው ጋር እየተደባለቀ።

ይኼ ግን የወኪሏ ምክንያት ነው። የእኔው ሌላ ነው።
አንድ ወንዝ አለ፤
ኦካቫንጎ ይሉታል፤ ስሙ እንደ ተሳቢ ወደ ኋላ ይጎትታል።
ከአንጎላ ደጋ ተነሥቶ፣ እንደ ወንዝ ሁሉ ባሕር ፍለጋ ይነጉዳል።
አይደርስም።
መሐል መንገድ ጣቶቹን ዘርግቶ አሸዋ ውስጥ ይቀራል።
በታኅሣሥ የዘነበ የሰው አገር ዝናብ፣
ሲያዘግም ከርሞ፣ በሰኔ፣ ጠብታ በሌለበት፣
እንደ ሾፌር አበል ዘግይቶ ይደርሳል።
ያ ሁሉ ወፍ፣ ያ ሁሉ ጉማሬ፣ በቀረበት ቦታ ይኖራል።
ባሕር ቢደርስ ኖሮ ጨው ሆኖ ይቀር ነበር።

የእኛስ? በበርበሬ ወንዝ በኩል ፌስታል ተሸክሞ የሚያልፈው ቦርከና፣
ጉዞው ወደ አዋሽ ነው፤ አዋሽም አሳይታን አልፎ፣
አቤ ሐይቅ ገብቶ፣ ወጥቶ አያውቅ እንደገና።
ሠላሳ አንድ ዓመት አብረን ወረድን፤
እኔ ወደብ ደርሼ፣ ብረት ጭኜ ስመለስ፣ እሱ አንድ ቀን አልደረሰም።
አዝንለት ነበር። አሁን ግን፣
እንደሱ ቀርቶ የበዛውን ሳላይ መሞት አልፈልግም።

አንቺ ዝም አልሽ።
«ሳፋሪ» ስልሽ «ሰፋሪ» ነው የሰማሽው።
በሰባ ሰባት፣ በዘጠኝ ዓመትሽ፣ ቆጥረው የጫኑሽ፤
ስም ወዳልነበረው፣ ቁጥር ብቻ ወደነበረው የመተከል መንደር ያራገፉሽ።
አባትሽ እዚያው ቀረ።
አንቺ ከአጎትሽ ጋር፣ በእግር፣ ሌሊት ሌሊት፤
አንበሳ ሲያገሳ አፍሽን በመዳፉ እንዳፈነው፣
አንዴ ነግረሽኝ፣ ዳግም አላነሣሽው።
እኔ ሞኙ፣ የአንበሳ ፎቶ ይዤ መጣሁልሽ።

ይቅር በይኝ።
እንግዲህ ካርታው ላይ ያልነበረ ምክንያት ልጨምርልሽ፦
መመለሻ ትኬትሽ በቦርሳሽ ነው።
ማንም አይቆጥርሽም።
አንቺ ትቆጥሪያለሽ፤ አንድ ዝሆን፣ ሁለት ዝሆን፣
ከፊት የምትመራዋን አሮጊቷን እናት ጨምረሽ፤
ከተምታታብሽ ሀ ብለሽ ጀምሪ፤ የሚያጣድፍ የለም።
አንበሳውም ቢያገሳ አፍሽን የሚይዝ የለም፤
አስጎብኚው ይቆጣል እንጂ፣ ካሰኘሽ ጮኸሽ መልሺለት።

ተነሣሽ።
ከሚያፈሰው ጣሪያ ሥር የሞላውን ባልዲ ደፍተሽ፣
ባዶውን መልሰሽ አኖርሽ።
«ያ ወንዝ» አልሽ ጀርባሽን ሰጥተሽ፣
«አሸዋው ሲውጠው ድምፅ አለው?»
አላውቅም አልኩሽ።
ጠብታው ባልዲውን ሦስቴ መታ።
«መጀመሪያ ጣሪያው» አልሽ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ኬላ ያየ ሰው ይህን ያውቃል፤
ገመዱ ወርዷል፤ ሞተር ማስነሣት ብቻ ይቀራል።