ሰባት ነጥብ አምስት

ሱር ላይ፣ ከወደቡ ዳር፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት፣
ጁማናን ትኩሳት እንደ ፍም አጋላት።
እናቷ መስቀጥ ናት፣ አባቷ መርከብ ላይ፤
አያቷ ቆማለች ተደግፋ በሩ ላይ፣
«ሉባባ፣ መድኃኒት!» ትለኛለች በዐረብኛ።
መድኃኒቱስ አለ። የጠፋው የልኩ ዳኛ።

ጠርሙሱን አዞርኩት፤ ከጎኑ ወረቀት፣
የሐኪሙ ጽሕፈት፣ ሸረሪት የሄደበት።
አምስታቸው ክብ ነው፣ ለኔ ዓይን ዜሮ፤
ዜሯቸው ነጥብ ነው፤ የዝንብ ኩስ ይመስለኝ ኖሮ!
ይቺስ፣ መሐል ያለችው? ነጥብ ናት? ዜሮ ናት?
የቀለም ጠብታ ናት? ወይስ የሻይ ናት?
አንዲት ነጥብ ብትጠፋ፣ ሰባት ተኩሉ ሰባ አምስት ነው፤
ሰባ አምስቱ ጉበት ነው፤ ጉበቱ ልጅ ነው።

ወረቀቱን ተውኩት።

ኮምቦልቻ፣ ጤና ኮሌጅ፣ ሁለተኛ ዓመት
(ያቋረጥኩበት ዓመት፣ ያባቴ ዕዳ ዓመት)፣
ሲስተር ብርነሽ፣ ጣቷ በጠመኔ ነጥቶ፦
«ነጥብን በሌሊት ብቻዋን አትስደዱ፤
ዜሮ ይቅደምላት፣ እንዳይጠፋት መንገዱ።
ከኋላዋ ደግሞ ትርፍ ዜሮ አይከተል!»
እኛ እንስቅ ነበር፤ ሙሽራ የምትሸኝ ይመስል።

ለአንድ ኪሎ ዐሥራ አምስት ሚሊግራም።
ኪሎዋስ ስንት ነው? አያቷን ጠየቅኳት፤
«ላባ ናት» አለችኝ።
በላባ አይሰላም።

ሚዛኑን ጎተትኩት ከመታጠቢያ ቤት፤
ልጂቱን ታቅፌ ወጣሁበት፤
ስልሳ ሦስት።
ለአያቷ አሳቅፌ፣ ብቻዬን ወጣሁበት፤
ሃምሳ አንድ።

ሃምሳ አንድ?
ከአገር ስወጣ ሐኪሙ የጻፈው፣
እዛች ካርዴ ላይ፣ ሃምሳ ስምንት ነው።
ሰባት ኪሎዬን የትኛው ምንጣፍ፣ የትኛው ደረጃ፣
የትኛው ረመዳን በላው? እንጃ።

ቆይ። የኔ ይደርሳል።
ከስልሳ ሦስት ላይ ሉባባ ትቀነሳለች፤
ልጂቱ ትቀራለች።
ዐሥራ ሁለት።

ዐሥራ ሁለት በዐሥራ አምስት፣ መቶ ሰማንያ፤
ጠርሙሱ የሚለው፣ በአምስት ሚሊ መቶ ሃያ፤
መዳፌ ላይ በስክሪብቶ አካፈልኩ፣ አባዛሁ፣
ከታች ወደ ላይ ደግሞ መልሼ አጣራሁ።
ሰባት ነጥብ አምስት።
አሁን ወረቀቱን አነሳሁ።
ያቺ ክብ አምስት ነበረች። ያቺ ጠብታ ነጥብ።
የሻይ አይደለችም።

ቢስሚላህ ብዬ፣ በሲሪንጅ፣ በጉንጯ በኩል፣
ቀስ፣ ቀስ፣ እየዋጠች። ግማሹን ሚሊ እንኳ
አላፈሰሰችብኝም።

ሊነጋ ሲል ላብ አሰመጣት፤ ተኛች።
እናቷ ደወለች። «ማን ነገረሽ ልኩን?» አለች።
«ቆጥሬ» አልኳት።
ዝም አለች። መስመሩ ላይ የሰማሁት ትንፋሿን ብቻ ነው።

ለሱብሒ እጄን ታጠብኩ።
መቶ ሰማንያው ለቀቀ፤ መቶ ሃያው ለቀቀ፤
ነጥቧም ሄደች በውሃው፣ ብቻዋን።
ሰባቷ ግን፣ ብፈትጋት ብፈትጋት፣
ከመዳፌ አልወጣ አለች።