ማገር

አባቴ ዘፋኝ ነው ሲሉኝ ስቄ ነበር፤
ማታ ዕቃ ሲያጥብ የሚያዜመው ነገር
መነሻው የጠፋ፣ መድረሻ የሌለው፣
ሁለት እርከን ወጥቶ፣ ሦስተኛው ላይ ቆሞ
እዚያው የሚውለው፤
አውቶቡስ ጥሎት እንደሄደ ሰው።

እናቴ ከሳሎን፣ «ኧርስኪን፣ በፈጠረህ፣
ወይ ዘፈኑን ጨርስ፣ ወይ ቧንቧውን ዝጋ!»
እሱ አረፋ በነካው እጁ ጆሮውን ይዞ ይስቃል፤
ያንኑ ስባሪ፣ ከዚያው ከስንጥቁ፣ እንደገና ይጀምራል።
ሠላሳ ዓመት እንዲህ።

በተቀበረ በሦስተኛው ቀን ክሌተስ መጣ፣
የቶሊዶን ግድግዳ ግማሹን የለሰነ ሽማግሌ፤
ከኮቱ ሥር አንድ ሸክላ አወጣ፣
ልባሱ የወየበ፣ ጥጉን አይጥ የቀመሰው።
«አምስት መቶ ነበር ያሳተምነው።
ከልብስ ማጠቢያ ቤቱ በላይ፣ በሁለት ሌሊት ቀዳነው፣
ማሽኖቹ እስኪቆሙ ደረጃ ላይ ቁጭ ብለን።
ገንዘቡ የፔታዌይ፣ የጸጉር አስተካካዩ።
ሬዲዮው አንድ ጊዜ አሰማልን፣
እሑድ ሊነጋ ሲል፣ አሥራ አንድ ሰዓት፣
ሰባኪውም ሌባውም በተኙበት።
የቀረው ከጸጉር ቤቱ ሥር፣ ምድር ቤት ተቀመጠ፤
ወንዙ የሞላ ጊዜ
አራት መቶ ስልሳውን ጎርፍ አዳመጠ።»

ሰባ ሁለት ይላል። አምስት ወጣት ቆመው፣
የወይን ጠጅ ቀለም ሙሉ ልብስ፣ ሱሪው ጫማ የሚውጥ፤
አባቴን አገኘሁት፣ ከዳር ሁለተኛ፣
ጎፈሬው ከፎቶው ጠርዝ ሊያመልጥ።
ልባሱን ገለበጥኩት።
ፊት አምስት፣ ስም አራት።
«አታሚው ረሳው» አለ ክሌተስ፣
«ኧርስኪንም አላነሳበት።»

መርፌው ወረደ።
ጭረቱ ዘይት ላይ እንደወደቀ ሽንኩርት ተንጣጣ፤
በሰዓት ሂሳብ የተከራዩት ቫዮሊን ገባ፣
ሊንውድ ተከትሎ መጣ።
ቀን ከመስታወት ፋብሪካው ምድጃ ፊት የሚላብ ሰው
ያን ሐር የመሰለ ድምፅ ከየት አመጣ?
ክሌተስ ራሱ ከመሬት ሥር፣
መንትዮቹ ከግራ ከቀኝ፣ እንደ በር፤
አንዲትን ሴት ለምነው፣ አባብለው፣
ስልኩን ብቻ አንሺው ብለው።

አባቴ ግን የለም።
አንዱን ፊት ጨረስኩ፣ ጆሮዬን ለጥፌ።
የለም።

«ልስኑን ያደነቀ ማገሩን አይጠይቅም» አለኝ ክሌተስ፤
በእነዚያ ኖራ በበላቸው ጣቶቹ ወደ ጓዳ አመለከተኝ፤
«ይልቅ ተነሺና ሰሃን እጠቢ።»

የሐዘን ሰሃን ብዙ ነው። ቧንቧውን ከፈትኩ።
ሸክላው ተገለበጠ። ሦስተኛው ዘፈን ላይ፣
በውሃው ድምፅ መሃል፣ ከጀርባዬ፣
ሁለት እርከን ወጣ።
ሦስተኛው ላይ ቆመ።
ያው ስባሪ፣ ያው ስንጥቅ፣
ያው አውቶቡስ ያመለጠው ሰው፤
አሁን ግን ሊንውድ ትከሻውን ረግጦ ወደ ላይ ወጣ፣
መንትዮቹ ተደገፉት፣
ክሌተስ ከሥሩ ገብቶ ተሸከመው፤
አራቱም ሲዞሩ፣ ሲወጡ፣ ሲወርዱ
እሱ ንቅንቅ አላለም።

እንግዲህ ሠላሳ ዓመት ሙሉ
ከሰሃን ማጠቢያው ፊት ቆሞ
ድርሻውን ይዞ ነበር፤ ሌሎቹ እስኪገቡ።

ውሃው ከሰሃን ሰሃን ሞልቶ ፈሰሰ።
ከሳሎን የእናቴ ድምፅ መጣ፣ የሰለለ፦
«እንዳትዘጊው!»
ቧንቧውን ይሁን ሸክላውን
አልጠየቅኳትም።